የቦጋለች ምድጃ

ያ አሰግድ የሚሉት የባላባቱ ወኪል ጎረቤታችንን ቦጋለችን ከነሕመሟ ከቤቷ አስወጥቶ ምድጃዋ ላይ ውሃ ደፋበት። እኛ ቤት ሞተች፤ ጢቾ ቤተ ክርስቲያን ወስደን ቀበርናት። እሱ ምኑም ሳይመስለው ቤቷን ቆልፎ የራሱ አደረገው!

በማግስቱ ማታ፣ ነፋስ እንኳ በሌለበት፣ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ አሰፋሽ፣ ክብሪት አልቆብኝ ነው፤ እሳት ልጫር።"

እናቴ ጮኸችበት። "የሰው ምድጃ አጥፍተህ ከኔ እሳት? አንተስ ዓይንህን በጨው ታጥበሃል!"

ግን በኛ አገር እሳት አይከለከልም። በገል ፍም አድርጋ ሰጠችው። የቦጋለች ደጃፍ ሲደርስ ጠፋበት። ተመልሶ መጣ፣ ሰጠችው፣ አሁንም እዚያው ሲደርስ ጠፋበት።

"አምጣ ወዲህ! እሳት መያዝም አታውቅ!" ብላ ገሉን ነጥቃው ራሷ ፍም ይዛ ወጣች። እኛም ተከተልናት።

ስንደርስ ከሣር ክዳኑ ጭስ ይወጣል። በሩ ከውጭ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም አሰግድ እጅ ላይ ነው። ውስጥ ግን የሆነ ሰው እያሳለ እሳት እፍ ይላል። እናቴ ባለችበት ቆመች።

ቦጋለች ከውስጥ ተቆጣቻት።

"አሰፋሽ! እሳቱን ለማን ነው የያዝሽው?"