አፉ ብዬሻለሁ

«ወላሂ አልወሰድኩም! ቁርአን ምቺ ካላችሁኝ እመታለሁ!» አለች ዘይቱና።

«ሌባ መማል ምን ይከብደዋል?» አለች ሰዓዲያ።

መካ… ዑተይቢያ ሰፈር ውስጥ ሐበሻ ሴቶች ተሰባስበው የተከራዩት ቤት ነው።

ሰዓዲያ የቤቱ ትልቅ ናት። በማግስቱ ከጅዳ ወደ ሀገሯ ትበራለች። ለእናቷ የገዛችው የወርቅ ሐብል ግን የለም!

ዘይቱና ደግሞ ሚስፈላ ሰፈር ያለ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ፣ እዚህ ቤት ከገባች ብዙም ያልቆየች ልጅ ናት።

«እስከ ዛሬ እዚህ ቤት መርፌ ጠፍቶ አያውቅም። አንቺ መጣሽ… ወርቅ ጠፋ። ሌላ ምን እንበል?»

ዘይቱና ዝም አለች።

«አያችሁ? መልስ የላትም!»

ልጅቷ ሻንጣዋን ጎትታ ያላትን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፈችው።

«ፈትሹ!»

ፈተሹ። የለም።

ነፃ ወጣች ብላችሁ ነው? ሰዓዲያን አታውቋትም!

«ባታሸሸው ኖሮ እንዲህ ደፍራ ፈትሹኝ ትል ነበር?»

ዘይቱና አለቀሰች።

«ንፁህ ከሆነች ለምን ታለቅሳለች?»

ኧረ በአላህ! ስትምል ሌባ… ዝም ስትል ሌባ… ስታስፈትሽ ሌባ… ስታለቅስ ሌባ! ምን ታድርግላችሁ? ትሳቅ?

አብራቸው የምትኖረው ዓኢሻ አላስችል ብሏት «እትዬ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ አስቀምጠሽው…» ብላ ጀመረች።

«አንቺን ደግሞ ምን አስጨነቀሽ? ተካፍላችኋል እንዴ?»

ዓኢሻ ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

«የሀገሯ ልጅስ ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ሰርቃ አልተያዘችም?» አለች አንዷ ከጥግ። ያቺን ልጅ ዘይቱና በዓይኗ አይታት አታውቅም።

ኸላስ! ተፈረደ። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የምታውቃት ሴት በር ላይ ሄዳ ማደሪያ ለመነች።

«ሐቢብቲ፣ ወሬው ደርሶናል። እኛም ንብረት አለን» ብላ ዘጋችባት።

ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ፎጣ ላይ አደረች። ከሁሉ የከነከናት ግን አልጋ ማጣቷ አልነበረም… ስሟ ነው።

በማግስቱ ስልኳ ጠራ። ሰዓዲያ ናት፣ ከጅዳ ኤርፖርት።

«ዘይቱና! ወርቁ ተገኘ! ካርቶኑ ኪሎ በዛ ተብሎ ስፈታው… ብርድ ልብሱ መሃል!»

ዘይቱና እዛው ወለሉ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ሱጁድ ወረደች። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ስሟ የተመለሰላት መስሏት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እና… ደንግጠሽም ቢሆን መልሰሽ ስለከተትሽልኝ አላህ ይስጥሽ። እኔም አፉ ብዬሻለሁ።»

አፉ ብዬሻለሁ… ይቅር ብዬሻለሁ ማለቷ ነው እኮ!

«እትዬ… ካርቶኑን ወርቁ ጠፋ ከማለትሽ በፊት አንቺው ራስሽ በቴፕ ጠቅልለሽ አሽገሽዋል። በየት በኩል ልክተተው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ያላ፣ ተጠርተናል።»

ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

ትንሽ ቆይቶ ዓኢሻ ደወለች። «እንኳን አፉ አለችሽ! ትመለስ ተብሏል። ብቻ… የቤቱንም ሰዎች አፉ በሉኝ በይና ይለቅ።»

«ዓኢሻ፣ አንቺ እንኳ እንዳልሰረቅኩ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ እህቴ… ግን ብቻዬን ምን ላድርግ?»

የት ትሂድ? ሄደች። በሩ ላይ ቆማ ላልሠራችው ጥፋት አንገቷን ደፍታ «አፉ በሉኝ» አለች።

«አፉ!» አሏት ባንድ ድምፅ።

ያቺ ከጥግ የተናገረችው ሴት ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«አላልኩሽም? ይኸው በራሷ አፍ አመነች!»

ወገኖቼ… ሰዓዲያን የሚያውቋት ደግ ሴት ናት ይላሉ። አምናለሁ። ደግ ሰውም እኮ አንዴ ልቡ ከቆረጠ፣ ያየውን ሁሉ ለቆረጠው ነገር ማስረጃ ያደርገዋል። ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ራሳችሁን «ምን ማስረጃ ባይ ነው ተሳስቻለሁ የምለው?» በሉት። መልሱ «ምንም» ከሆነ ማሰብ አቁማችኋል፣ ፈርዳችሁ ጨርሳችኋል።

እስኪ እውነቱን ጻፉልኝ… እናንተ ያን ቀን እዛ ቤት ብትኖሩ፣ ከማን ጎን ትቆሙ ነበር?