የሳሎኑ ማስረጃ

ፎቶግራፍን ማንም መፈብረክ ከቻለ ወዲህ፣ ኢንሹራንስ ለጉዳት ማስረጃ የሚቀበለው ከባለንብረቱ ጭንቅላት የተቀዳ ትዝታ ብቻ ሆነ። አንዴ የተቀዳ ትዝታ ደግሞ ለባለቤቱ አይመለስም።

የወይዘሮ ይርገዱን ቤት የድሬዳዋ ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታል። የኢንሹራንሱ ገማች በተጠለሉበት ድንኳን ደጃፍ የትዝታ መቅጃ መሣሪያውን ግንባራቸው ላይ እያሰረ፣ "እናቴ፣ ሳሎኑን ብቻ ያስቡ" አላቸው።

"ሳሎኑን ሳስብ ሟቹ ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚታየኝ።"

"እንግዲያው እሳቸውም አብረው ይሄዳሉ። ቢተዉት ይሻልዎታል።"

ይርገዱ ዞረው ድንኳኑ ውስጥ በብርድ የምታስለውን ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ተዋበችን አዩ። "ቀጥል፣ ልጄ" አሉት።

ገማቹ ሲጨርስ ቤቱ እንደሚሠራላቸው ነግሯቸው ሄደ።

"እማዬ፣ አባዬ የሠራውን ቁም ሳጥንም አስመዘገብሽ?" አለች ተዋበች።

ወይዘሮ ይርገዱ ግራ ተጋብተው አዩዋት። "አባትሽ አናጢ ነበር እንዴ?"