ፈጣኑ መርዶ

ሽልማቱን ካላገኘ ድርጅቱ የሚዘጋበት ወጣት፣ መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ፣ የሞት ዜናን ለእድርተኛ ሁሉ ባንዴ የሚያደርስ መተግበሪያውን ለዳኞች አስተዋወቀ።

«ልጄ፣ መርዶ እኮ በሽማግሌ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው» አሉት አንዲት አዛውንት ዳኛ።

«እማማ፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ማን ይጠብቃል?» አለ እየሳቀ። ለናሙና ያህልም «አቶ ውብእሸት አርፈዋል» ብሎ የገዛ አባቱን ስም ለሰፈሩ እድርተኞች በሙሉ ላከ። «ኋላ ይቅርታ እንላቸዋለን!» ሲል አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ዋንጫውን እንደታቀፈ ስልኩ ጠራ። አባቱ ነበሩ፤ ከኋላቸው የሴቶች ዋይታ ይሰማል።

«እኔ ደህና ነኝ፣ ልጄ» አሉት ድምፃቸውን አለስልሰው። «እናትህን መልእክቱን ስታይ ትንሽ አመም አደረጋት። አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ና።»