የሦስት ሰው ሻንጣ

ኢዮሲያስ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሲጫን እናቱ ወለተሥላሴ ዚፑን በሁለት እጇ ትጎትታለች። እህቱ ሄርሜላ ስልኳን እንደያዘች ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ትመላለሳለች። ታክሲው ሊደርስ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ከዚያ ስኪፖል አየር ማረፊያ፣ ከስኪፖል በአውሮፕላን ኩራሳው፣ ከኩራሳው ደግሞ አሥር ቀን በመርከብ የካሪቢያንን ደሴቶች እየዞሩ መዝናናት ነው፤ እናትና ሁለት ልጆች፣ ሦስቱ ብቻ።

"ኧረ አንድ ቦታ ቁሚ፣ ራሴን አዞርሽኝ" አለቻት እናቷ።

ልትቆም ሞከረች፤ እግሯ እምቢ አላት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሄርሜላ ዝምታ ግን ገና በአራተኛ ቀኑ ነቅዞ እሷኑ ይበላት ጀምሯል። ረቡዕ ዕለት ቤት በወረፋ ከሚያከራየው የቤቶች ማኅበር ኢሜይል ደርሷታል፤ ኦስዶርፕ ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ያላት ቤት ወጥታላታለች። ማክሰኞ ጠዋት ራሷ ተገኝታ ካልፈረመች ቤቷ ለቀጣዩ ተረኛ ታልፋለች። ቀኑን እንዲያዛውሩላት ሁለት ጊዜ ደውላ ሁለቴም በትሕትና አይሆንም ብለዋታል። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ሦስቱም ባሕር ላይ ናቸው።

ለቤት ያስመዘገበቻት ራሷ ወለተሥላሴ ነበረች፤ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ዕለት፣ ኬኩ እንኳ ሳይቆረስ። አምስተርዳም ኖርድ ያሉ የሐበሻ እናቶች እንዲህ ናቸው። ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላው ያስመዘግቡታል፣ ከዚያ ወረፋው ምጽአት ድረስ አይደርስም ብለው ይረሱታል፤ ልጁም እስኪያገባ እናቱ ጋ ይኖራል። ሄርሜላ አሁን ሃያ ዘጠኝ ሊሞላት ነው። መታጠቢያ ቤት በር ላይ በየጠዋቱ ከወንድሟ ጋር ትጨቃጨቃለች። የኔ የምትለው በር ኖሯት አያውቅም፤ ኢሜይሉ ከመጣ ወዲህ ስለዚያ በር ሳታስብ ያለፈ አንድ ሰዓት የለም።

የመርከቡን ሐሳብ ያመጣችው እናቷ ናት። በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት፣ ገላቸውን ባጠበቻቸው ቁጥር፣ ልጆቻቸው ሳይበታተኑ አብረዋቸው ስለሄዱት የመርከብ ጉዞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወሯት ኖሩ። አሮጊቷ ያረፉ ቀን ወለተሥላሴ ኮቷን ሳታወልቅ "እኛም እንሄዳለን" አለች። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ባርኔጣ ገዝታ፣ የሃያ አራት ዓመቱን ጎረምሳ ሳይቀር መስተዋት ፊት አቁማ አስለክታዋለች።

ሻንጣውንም ያዘጋጀችው እሷው ናት። እነሱ ቤት የየራስ ሻንጣ የሚባል ነገር የለም። ያንዱ ጫማ በሌላው ሹራብ ተጠቅልሎ፣ ካልሲው ጫማው ውስጥ ተወትፎ፣ የሦስት ሰው ልብስ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ምን የት እንዳለ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

"ማሚ" አለች ሄርሜላ።

ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። ኢሜይሉን፣ ማክሰኞን፣ ሁለቱን ስልክ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በደች በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ኢዮሲያስ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠ አፉን ከፍቶ ያያታል።

"ዱ ኖርማል፣ ሄርሚ፣ እብደቱን ተይው" አላት። "ታክሲው እኮ መንገድ ላይ ነው።"

ወለተሥላሴ ዚፑን ለቀቀችው። እስከ ዛሬ ለምን እንደደበቀቻት ጠየቀች። ሄርሜላም ደስታሽን እያየሁ በየት በኩል ልንገርሽ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ቤቱ ይቅር፣ ሌላ ይመጣል ብላ ጨመረች። ሌላው የሚመጣው በሌላ አሥር ዓመት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ይቅርን ተይው" አለች እናቷ። "አንቺ የምትፈልጊው የቱን ነው?"

ሄርሜላ ወንድሟን አየችው። እሱ ጫማውን ያያል።

"ቤቱን" አለች። "ቤቱን ነው የምፈልገው።"

ሲወጣላት ቀለላት። ከዚያ እናቷን ቀና ብላ ስታይ፣ በመቅለሏ አፈረች።

ወለተሥላሴ ኢዮሲያስን በእጇ ምልክት ከሻንጣው ላይ አስነሳችው፤ ባለታክሲው ትንሽ እንዲጠብቅ ደውልለት አለችው። ከዚያ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና ሻንጣውን ከፈተችው። ሄርሜላ ላግዝሽ ብትል በክንዷ ገፋ አደረገቻት።

አንድ ባንድ ታወጣ ጀመር። ከኢዮሲያስ ሸሚዞች መሐል የሄርሜላን ቀሚስ፣ ከራሷ ነጠላ ሥር የሄርሜላን ሱሪ፣ ከወንድሟ ጫማ ውስጥ የሄርሜላን የዋና ልብስ። እያንዳንዱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እንደገና አጥፋ፣ ሶፋው ላይ ትደረድረዋለች። ሁለተኛውንም ሻንጣ ከፍታ እንዲሁ አደረገች። ከታች ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ፤ ኢዮሲያስ ሊያነጋግረው ወረደ።

ከሁለተኛው ሻንጣ ጥግ ለራሷ የገዛችውን አዲስ ፎጣ አወጣችና የሄርሜላ ልብስ ላይ ደረበችው። ወፍራም ነጭ ፎጣ ነው፤ የዋጋው ወረቀት ገና አልተቆረጠም።

"ማሚ፣ ይኼ ያንቺ ነው።"

"መርከቡ ላይ ይሰጡናል ተብሏል" አለች እናቷ ቀና ሳትል። "አንቺ ግን ለቤትሽ ፎጣ የለሽም።"

ከታች ታክሲው ደግሞ ጠራ። ወለተሥላሴ ግን አልተነሳችም። እጇን ወደ ሻንጣው መልሳ ከልብሶቹ ሥር፣ ጥግ ጥጉን፣ ቀስ እያለች ትዳብሳለች። የሄርሜላ የሆነ የቀረ ነገር አልነበረም።