የነፋሱ ተራ

አውሎ ነፋሱን ማዞር እንጂ ማቆም ስለማይቻል የከተማዋ ሰው በተራ ተስማምቷል። አንድ ዓመት ከወንዙ ወዲህ፣ አንድ ዓመት ከወንዙ ወዲያ። ዘንድሮ ተራው የወዲያዎቹ ነበር።

ነፋሱ ባለፈ በማግስቱ ሶስና ንፍሮ ቀቅላ፣ በሰማያዊው ሳህኗ ይዛ ድልድዩን ተሻገረች። የነፋስ ማዞሪያው ምሰሶ አሁንም አፉን ወደ ማዶ እንዳደረገ ቆሟል። በማዶ ጣራ ያለው ቤት አልቀረም፤ ቆርቆሮው ባሕር ዛፉ ላይ እንደ ጨርቅ ተጠምጥሟል። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው የወይዘሮ እልፍነሽ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ድንኳኑንም ያዋሰው የእነሶስና እድር ነው፤ የማዶዎቹን ነፋሱ ወስዶታል።

እልፍነሽ ልጇን ኤርሚያስን ቀብራ መመለሷ ነበር። ነፋሱ ሲቃረብ ወደ መጠለያው ሊወርዱ ሲሉ "ጥጃዋን ልፍታት" ብሎ እንደወጣ ነው የቀረው።

"እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ" አለች ሶስና ጎንበስ ብላ።

"አሜን። ልጆችሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው" አለች ሶስና፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

እልፍነሽ ንፍሮውን ለለቀስተኛው ገለበጠች። ሶስና ሳህኗን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። እልፍነሽ ግን ሳህኑን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ ከጎኗ አስቀመጠችው።

"ይቆይ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም" አለች። በድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም። "ለከርሞ ንፍሮ ሞልቼበት እመጣለሁ።"