የወፏ ፉጨት

ታብሌቱ ሲበራ በመማሪያ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሕፃናት ወደ እሱ ተጠጉ። ከማንኪራ መንደር እስከ ቦንጋ ከተማ ድረስ የመጡት ሽማግሌ ከኋላ፣ ትንሿ ወንበር ላይ ሆነው ጠበቁ። ማር ያለበትን የምትጠቁመዋን ወፍ ተረት ለመምህርቷ የነገሯት እሳቸው ነበሩ፤ እሷም ድምፃቸውን ስትቀዳ «ልጆቹ በእርስዎ ድምፅ ነው የሚሰሙት፣ ጋሼ» ብላቸው ነበር። ከታብሌቱ የወጣው ግን የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ሆነ። «ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ተረት ነው» አለ። ወፏ ያቺው ነበረች፤ ቀፎ አሳይታው ድርሻዋን ሳይተውላት የሄደው ስስታም ሰውም ያው።

ወፏ ስታፏጭ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ከንፈራቸው ወሰዱ። ፉጨቱ የራሳቸው ነበር። በወለቀው የፊት ጥርሳቸው በኩል የሚያመልጠው ትንፋሽ እንኳ አልቀረም። ቀና ብለው መምህርቷን አዩዋት።

«የዛሬው ትምህርት የሌላ አገር ተረት ነው፣ ጋሼ» አለች በሹክሹክታ፣ የቻርጀሩን ገመድ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች። «ከውጭ የመጣ ስላላገኘሁ የእርስዎኑ በሌላ ድምፅ አስቀዳሁት።»

ከፊት የተቀመጠችው የልጅ ልጃቸው ወደ ኋላ ዞራ ትኩር ብላ አየቻቸው። እቤት ይህንኑ ተረት በቃሏ እስክትይዘው የነገሯት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ተረቱን ከአባትህ እንደሰማኸው ስትነግረኝ ዋሽተኸኝ ነው?»