ወንፊቱና ሁለቱ ሌቦች

በኒኮሲያ፣ የግሪኮችንና የቱርኮችን ጦር በሚለየው ቀጠና ውስጥ ባለ አሮጌ አዳራሽ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ወለሉ ላይ በጠመኔ ከተሰመረው ድንበር ግራና ቀኝ ለዳንስ ቲያትር ልምምድ ቆመው ነበር። የዳንስ ቲያትሩ አዘጋጅ ጦርነቱን እንዴት እንደምታሳይ ሦስት ወር አስባ ያመጣችው የሽቦ አጥር ጥግ ላይ ተቀምጧል። ግሪኩ ሳቫስ ሦስት ብርጭቆ ወይን የተደረደረበትን ወንፊት በአናቱ ላይ ወይኑ ሳይፈስ አሽከረከረና ለቱርኩ ለኤርዳል አሻግሮ ዘረጋለት።

«እንካ! አያትህ ከአያቴ የሰረቀውን የወንፊት ጭፈራ እስቲ አሳየን።»

«አያትህ እኮ ዱቄት እንኳ መንፋት አይችልም ነበር!» ኤርዳል እየሳቀ ሲቀበል አንዱ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

«ጉሪ!» ሲል በግሪክኛ ጮኸ ሳቫስ። መልካም ገድ ነው ማለቱ ነበር።

«ኡውር!» ሲል በቱርክኛ ጮኸ ኤርዳል። እሱም መልካም ገድ ነው ማለቱ ነበር።

ተያዩ። «ቃሉንም ሰረቃችሁት?» አሉ በአንድ ድምፅ።

አዘጋጇ «ብርጭቆውን አትንኩት» ልትል አፏን ስትከፍት ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው፣ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም ሳይቀራቸው፣ ስብርባሪውን መልቀም ጀምረዋል። የጠመኔው ድንበር በጉልበታቸውና በወይኑ ታብሶ ጠፍቷል። አዘጋጇ የሽቦ አጥሩን በእግሯ ወደ በሩ ገፋችው።

«እጅህን እንዳይቆርጥህ» አለ ኤርዳል፣ «አንተ ሌባ!»